ወላጅ ይዛችሁ ኑ

እትዬ የከተማችንን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የምታውቃቸው በጨርቅ ነው። ሌላው ሰው ስለ አንድ ልጅ ሲነሳ "ሰፈሩ የት ነው?" ብሎ ይጠይቃል፤ እሷ "ሹራቡ ምን ዓይነት ነው?" ትላለች። የልብስ ስፌት ሱቃችን ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ስለሆነ ጠዋት ልጆቹ ሲወርዱና ሲሳፈሩ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል በቀሚሳቸው ጫፍ ብቻ ትለያቸዋለች። እኔ ታናሽ እህቷ ነኝ። ቁልፍ እተክላለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ ደንበኛ ሲነዘንዝም የምመልሰው እኔ ነኝ። እትዬ ለነዝናዛ ሰው አፍ የላትም፤ እኔ ግን እግዜር ይመስገን ለሁለታችንም የሚበቃ ተሰጥቶኛል።

አንድ ትምህርት ቤት አይቶ ሁሉንም አየሁ የሚል ሰው እኛ ሱቅ አንድ ሳምንት ይዋል። ባለ ፎቁ ትልቁ ትምህርት ቤት አለ፤ ተማሪው አገር ነው፣ ወንዶቹ በእረፍት ሰዓት ሲሚንቶ ላይ ኳስ ስለሚራገጡ ሱሪያቸው ሁልጊዜ የሚያልቀው ከጉልበቱ ነው፤ እትዬ ገና ስትሰፋው ከውስጥ በኩል ድርብ ጨርቅ ታደርግበታለች። የቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ልጆች ለጥገና የሚያመጡት ልብስ ግራሶ ግራሶ ስለሚሸት በር ላይ ይሰቀላል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። በፈረቃ የሚማሩት ደግሞ ሌላ ጉድ ናቸው፤ ጠዋት ታላቅየው ለብሶት የሄደውን ሱሪ ከሰዓት ታናሽየው ይለብሰዋል፣ ስለዚህ ጫፉ በቁልፍ የሚታጠፍና የሚዘረጋ፣ ወገቡም ላስቲክ ነው። ኮረብታው ላይ ያለችው ትምህርት ቤት ተማሪዎቿ ጥቂት ከመሆናቸው የተነሳ የዓመት ትእዛዛቸውን በአንድ ከሰዓት ጨርሰን ሻይ እንጠጣለን።

የዓይነ ስውራኑ ትምህርት ቤት ሹራብ ሲመጣ ግን እትዬን ማንም አያናግራትም። ለእያንዳንዱ ልጅ ኮሌታው ውስጥ የተለያየ የክር ቋጠሮ ታስርለታለች፤ ልጁ የራሱን ሹራብ ከጓደኞቹ መሀል በጣቱ ዳስሶ እንዲያገኘው ብላ ነው። ይህን አድርጊ ብሎ ያዘዛት ሰው የለም። እንዲህ ስታደርግ ሳያት በእሷ ሥራ እኔ ደረቴን እነፋለሁ።

ይህን ሁሉ የደንብ ልብስ የሰፋችው እህቴ ራሷ የለበሰችው እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው። ምክንያቱ እኔ ነኝ። እናታችን እኔን ወልዳ ወደ ፋብሪካ ሥራዋ ስትመለስ ልጅ የሚይዝ ጠፋ። ወንድሞቻችን ወንዶች ናቸው ተባለና ትምህርታቸውን ቀጠሉ፤ እትዬ እኔን አዝላ ቀረች። እኔ እንኳ ቀጠሮ ይዤ አልተወለድኩም፤ ስለዚህ አልጸጸትም። ንዴቱ ግን አለ፤ ሲነሳብኝ ቆሽቴ ያርራል።

የሚገርመው በቤታችን ይህ ጉዳይ ተነስቶ አያውቅም። እናታችን ስለ ጎረቤት ታወራለች፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም ታወራለች፣ ስለ ኑሮ ውድነት ከጀመረች የሚያስቆማት የለም፤ እዚህ ነገር ላይ ስትደርስ ግን አፏ ይለጎማል። እትዬም ጠይቃት አታውቅም። እኔ ግን አንድ አልጋ ላይ አብሬያት ያደግሁ ነኝና ልቧን አውቀዋለሁ። ከእናታችን ይቅርታም ካሳም አትፈልግም ነበር፤ የምትፈልገው ስለዚያች ከትምህርት ቤት ስለቀረች ልጅ አንድ ቃል እንድትተነፍስላት ብቻ ነው።

የጎልማሶች ትምህርት ቤት የሚባለውን ያገኘችው ሥራ ፍለጋ ሄዳ ነው። እሱም የመንግሥት ነው፤ ከትልቁ ትምህርት ቤት ጀርባ ባሉት ክፍሎች ልጆቹ ሲወጡ ሠራተኛው ይገባባቸዋል። እትዬ አዲስ ትምህርት ቤት መከፈቱን ሰምታ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ሄደች። ጺሙ ገና ያልጠና መምህር ተቀበላት።

"እዚህ የደንብ ልብስ የለም፤ ሁሉም የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ነው የሚመጣው" አላት።

"ታዲያ ምን አላችሁ?"

"ባዶ ወንበር አለን" አላት።

ቁጭ አለች። እኔ እቤት ሆኜ መኪና ገጫት ብዬ ልቤ ወልቋል፤ እሷ ልብስ ልትለካ ወጥታ አምስተኛ ክፍል ገብታ መጣች። ከዚያ በኋላ ክፍሉን በየዓመቱ እያለፈች ስምንተኛ ደረሰች። ቀን መኪናው ላይ ትሰፋለች፣ ደብተሯ ከጨርቁ ሥር ነው። እኔ ጥያቄ አነብላታለሁ፤ ስትሳሳት ስቃ እንደገና ትጀምራለች። መምህራቸውን ተማሪዎቹ ሁሉ "ልጄ" ይሉታል። እሱ "መምህር በሉኝ እንጂ" ሲላቸው "እሺ ልጄ" ይሉታል።

በየዓመቱ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ለስምንተኛ ክፍሎች የጥያቄና መልስ ውድድር ያዘጋጃል፤ ከየትምህርት ቤቱ ሦስት ሦስት ተማሪ ይቀርባል። ጎልማሶቹን የጠራቸው አልነበረም። መምህሩ ጽሕፈት ቤት ሄዶ "ደንቡ ስምንተኛ ክፍል ይላል እንጂ ዕድሜ አይልም" ብሎ ሙጭጭ አለ። ሲሰለቻቸው ፈቀዱለት፤ ግን ደንብ ደንብ ነውና እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ወላጅ ይዞ ካልመጣ አይገባም አሉ።

የኛ ቡድን እትዬ፣ አንድ የባንክ ዘበኛና አንዲት አትክልት ሻጭ ነበሩ። ዘበኛው "እኔ አባቴን ቆፍሬ ላምጣ?" ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው። በኋላ ዘመድም ይሆናል ተባለና እሱ ልጁን፣ አትክልት ሻጯ ባሏን ሊያመጡ ተስማሙ።

"ላንቺ እኔ እመጣለሁ" አልኳት እትዬን።

"ጡጦ አጥብቼ ያሳደግሁሽ እኔ፤ ተገልብጦ አንቺ ወላጅ ልትሆኚኝ?"

"ታዲያ ማን ሊመጣልሽ ነው?"

"እናቴ በሕይወት አለች አይደል?" አለች፤ ድምፅዋ ቀጭን ሆነ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ።

ማታውኑ ከእናታችን አጠገብ ተቀምጣ፣ ጆሮዋ ስለደከመ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "እማዬ፣ ቅዳሜ ወላጅ ይዛችሁ ኑ ተብለናል" አለቻት።

እናታችን ክው አለች። "ምን አጥፍተሽ ነው?"

እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። አይፈረድባትም፤ እሷ የምታውቀው ወላጅ ለክስ ሲጠራ ነው። ወንድሞቻችን መስኮት እየሰበሩ፣ እየተደባደቡ፣ የርዕሰ መምህሩን ደጃፍ አስመላልሰዋታል። ውድድር ነው ብለን ብናስረዳት "እንዲህ እያሉ ነው የሚጠሩት፤ ከሄድሽ በኋላ ነው ጉዱ የሚወጣው" አለች። ቢሆንም አልቀርም አለች። ቅዳሜ ማለዳ ተነስታ ለለቅሶ የምትለብሰውን ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ከዘራዋን ይዛ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን።

በአዳራሹ መግቢያ ስም የምትመዘግበው ሴትዮ ከኛ ኋላ ኋላ አንገቷን ብቅ አድርጋ ፈለገች።

"ተወዳዳሪዋ ልጅ የታለች?"

"እኔ ነኝ" አለች እትዬ።

"ወላጅስ?"

እናታችን ከዘራዋን መታ አድርጋ ወደ ፊት ወጣች። "እኔ ነኝ። ልጄ ጨዋ ናት። ሌላው ነው የጀመራት።"

"ማነው የጀመራት?" አለች መዝጋቢዋ ግራ ገብቷት።

"ማንም ይሁን!"

አዳራሹ ውስጥ ከተማው ሁሉ ነበር። ሰማያዊው፣ ቡናማው፣ አረንጓዴው፣ በቁልፍ የሚታጠፈው ሱሪ ሳይቀር። እዚያ ከተሰበሰቡት ተወዳዳሪዎች የእህቴን የእጅ ሥራ ያልለበሰው የራሷ ቡድን ብቻ ነበር፤ ዘበኛው በዘበኛ ካፖርቱ፣ አትክልት ሻጯ በሽርጧ ነው የመጡት። ከትልቁ ትምህርት ቤት አንዷ ልጅ እትዬን አይታ ጮኸች።

"እንዴ! እርስዎም ተወዳዳሪ ነዎት?"

"አዎ የኔ ልጅ። ዛሬ አታውቂኝም፣ አላውቅሽም" አለቻት እትዬ እየሳቀች።

መጀመሪያ ላይ ሰዉ የኛን ቡድን ሲያይ ይንሾካሾክ ነበር። ብዙም አልቆየ። ዘበኛው ሌሊቱን በሬዲዮ የሚያሳልፍ ሰው ነው፤ ወንዝና ዋና ከተማ ሲጠየቅ እንደ ጎረቤት ስም ይጠራዋል። አትክልት ሻጯን ሂሳብ ጠይቆ መጠበቅ የለም። የሳይንሱ ጥያቄ የእትዬ ነበር፤ ስትመልስ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፣ መልሱ ግን አይንቀጠቀጥም። የኮረብታዋ ትምህርት ቤት ከውድድሩ ወጣች፤ የቴክኒክ ትምህርት ቤቱም ወጣ፤ የፈረቃዎቹም ተከተሉ። የዓይነ ስውራኑ ልጆች ጥያቄው ሳያልቅ ደወል እየደወሉ ላብ አስጠመቁን፤ እነሱንም በአንድ ጥያቄ አለፍናቸው። ትልቁ ትምህርት ቤትና እኛ ቀረን፤ ነጥባችን እኩል ሆነ።

ጠያቂው ሽማግሌ መነጽራቸውን አስተካክለው የመጨረሻውን አነበቡ። "በኦክስጅን የበለጸገ ደም ወደ ልብ የሚያመጣው ደም መልስ ምን ይባላል?"

የትልቁ ትምህርት ቤት ልጅ ቀድሞ ደወለ። "ኦክስጅን ያለውን ደም የሚሸከም ደም ቅዳ ነው፤ ጥያቄው ተሳስቷል" አለ አፉን ሞልቶ።

"ጥያቄው አልተሳሳተም። ጎልማሶች?"

ሁሉም ዓይን እትዬ ላይ ወደቀ። እኔ መልሱን እንደምታውቀው አውቃለሁ፤ ሱቅ ውስጥ ስንት ጊዜ ጠይቄያታለሁ! ግን አንገቷን ደፍታ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። ጠያቂው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙላት። ያን ጊዜ እናታችን ከአጠገቤ ብድግ አለች።

"ምን አድርጋችሁ ነው ልጄን መሀል አቁማችሁ የምታፋጥጧት? አላደረገችም አልኳችሁ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጠያቂው አልሳቁም። "እናት፣ ይቀመጡ። ከተመልካች አንድ ቃል ከተጨመረ ነጥቡን እሰርዛለሁ" አሉ። እኔ ቀሚሷን ይዤ ጎተትኳት፤ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። እትዬ ግን ቀና ብላ እናታችንን አየቻት። ያቺን በጥቁር ቀሚስ ከዘራዋን አንስታ የቆመችላትን አሮጊት አየችና ፊቷ በራ።

"የሳንባ ደም መልስ" አለች፤ የኋላ ወንበር ድረስ የሚሰማ ድምፅ ነበር።

"ትክክል!"

ከዚያ የሆነውን በቅጡ አላስታውስም። ዘበኛው ካፖርቱን ወደ ላይ ወረወረው። አትክልት ሻጯ እልልታዋን አቀለጠችው። ያ ለጋ መምህር ወንበር ላይ ወጥቶ እንደ ሕፃን ይዘላል፤ ተማሪዎቹ "ልጄ፣ እንዳትወድቅ!" ይሉታል። ያሸነፍናቸው ልጆች ሳይቀሩ ያጨበጭባሉ። እኔ የማላውቀውን ሰውዬ አቅፌ ስስም ሚስቱ ገላምጣኛለች።

ሜዳሊያውን የሚያጠልቁት ወላጆች ናቸው ተባለ። እናታችንን ደግፌ መድረክ ላይ አወጣኋት። ክስ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባት መሰለኝ፤ ሜዳሊያውን እጇ ላይ ይዛ ገልበጥ እያደረገች አየችው፣ ከዚያ የልጇ አንገት ላይ አጠለቀችው። ጠያቂው ማይኩን አቀበሏት። "እናት፣ ስለ ልጅዎ አንድ ቃል ይበሉን።"

እናታችን ማይኩን በሁለት እጇ ያዘችው። እኔ ስለ ጉልበቷ ልትጀምር ነው ብዬ ፈራሁ።

"ይቺን ልጅ ከአራተኛ ክፍል ያስቀረኋት እኔ ነኝ" አለች።

እትዬ ባለችበት ደርቃ ቀረች።

"መምህሯ እቤት ድረስ መጥታ ጠየቀችኝ፤ ትወዳት ነበር። ነገ ትመጣለች አልኳት። እንደማትመጣ እያወቅሁ ነው ያልኳት። ልጄ በሩ ኋላ ቆማ ስትሰማ አይቻታለሁ፤ ደብተሯን ታቅፋ ነበር። እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋችም።"

እትዬ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅስ ነበር፤ እኔማ ከእሷ አልሻልም ነበር። እናታችን አንድ እጇን ከማይኩ አንስታ ክንዷን ይዛ ወደ ራሷ ሳበቻት፤ ከዚያ ዞር ብላ እዚያ የተደረደሩትን የየትምህርት ቤቱን መምህራን በሙሉ ተመለከተቻቸው።

"ይኸው አመጣኋት" አለች። "ትንሽ አርፍዳለች፤ አትቆጧት።"