ከጣና ሥር ያለችው ከተማና የቅዳሜው ሂሳችን

ባለፈው ሳምንት የቢሯችን ዕቃ ቤት ሲጸዳ ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር አንድ እሽግ ካርቦን ወረቀት ወጣ። ወጣቷ ባልደረባዬ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት አንዱን አንሥቼ አሸተትሁት። ሰምና ላምባ የተቀላቀለ የሚመስለው ያ ሽታ አሁንም አለ። ጣቴ ላይ የቀረውን ሰማያዊ እድፍ ሳይ ሐሳቤ ተነሥቶ ባሕር ዳር ገባ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ።

የጂኦግራፊ መምህራችን ልብ ወለድ ጽፈው ነበር። የዘጌ ቄስ ልጅ ናቸው፤ ወደ ዘመናዊ ትምህርት የመጡት ቅኔ ቤት ከቆዩ በኋላ ነው። መጽሐፋቸው ከጣና ሥር ስላለች ከተማ ይተርካል። በዚያች ከተማ ዝናቡ ከታች ወደ ላይ ይዘንባል፤ ደወል የሚደወለውም ዝምታን ለመጥራት ነው። አሳታሚ አላገኙለትም። በካርቦን ከተባዛው አንዱን ቅጂ ስፌቱን ፈትተው፣ ለብዙ አንባቢ እንዲዳረስ አንዱን ምዕራፍ ለዚህ ቤት፣ ሌላውን ለዚያ ቤት ሰጡ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንለዋወጥ ነበር።

የምኖረው ከታላቅ እህቴ ጋር ነበር። እሷ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ክር ክፍል ትሠራለች። ማታ ስትመለስ ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ ይታያል። እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ ምዕራፉን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች፤ እኔ በዓረፍተ ነገሩ ርዝመት እነጫነጫለሁ።

«እታለም፣ ግሡ እስኪመጣ ድረስ የሞተው ማን እንደነበረ ረሳሁት እኮ!»

«መልሰህ አንብበዋ። የሞተ ሰው የት ይሄድብሃል?»

እኔ ማን፣ የት፣ መቼ የሚለው ቶሎ እንዲነገረኝ እፈልግ ነበር። ጋዜጠኛ ነኝና አሁንም እንጀራዬ እሱው ነው። እሷ ግን አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «ቀኑን ሙሉ ማሽኑ ጆሮዬ ሥር ሲቆራርጥ ይውላል። ይህን ሳነብ አንድ ነገር እንኳ ሳይቆረጥ ይሄድልኛል።» እኔ ግን ሐሳቤን አልለወጥሁም።

ሰፈሩም እንደ እኛ ቤት ለሁለት ተከፈለ። የቀበሌው የውይይት ክበብ ሰብሳቢ ጎረቤታችን ነበር። «ሰፊው ሕዝብ የማይገባው ጽሑፍ ለማን ተጻፈ?» እያለ ይቆጣል። ይሁንና ተራው ሳይደርስ የእኛን በር የሚያንኳኳው እሱ ነው። «የሚቀጥለውን ምዕራፍ ስጡኝ፤ ለመተቸት እንዲያመቸኝ» ይላል። እህቴ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ እየሸፈነች ትሰጠዋለች።

በመጨረሻ መምህሩ ራሳቸው አንባቢዎቻቸውን ሰበሰቡ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከሐይቁ ዳር ያለው ዋርካ ሥር ተቀመጥን። ከውኃው ዳር የበቀለው እርጥብ ደንገል ይሸታል፤ ወፎቹ ይንጫጫሉ። «መጽሐፍ ያሳተመ አንድ ጓደኛዬ አሳጥረው ይለኛል። እናንተስ?» አሉ። በዚያ ዘመን ቧንቧ ቢደርቅም፣ ሰው ከሥራ ቢያረፍድም የሚታየው በሂስና በግለ ሂስ ነበር። ሌላ የመነጋገሪያ መንገድ የምናውቅ አልመሰለንም። ሰብሳቢው እንደ ልማዱ ተነሥቶ «አጀንዳ አንድ፣ የጓድ መምህር ዓረፍተ ነገር» ብሎ ሲከፍት ሳቅ ሆነ።

አንድ ዓሣ አስጋሪ ቀደመ። «እኔ ከደልጊ በታንኳ ተነሥቼ ዘጌ ስደርስ፣ እሳቸው ገና ያንኑ ዓረፍተ ነገር አልጨረሱም።»

ልጃቸው የሚያነብላቸው አንዲት እናት ደግሞ «እኔ ባይገባኝም ደስ ይለኛል» አሉ። «ቅዳሴውስ ቢሆን መች ሁሉ ይገባኛል? ቀርቼ አውቃለሁ?»

እህቴ ተነሣች። በስብሰባ ተናግራ አታውቅም። «መቁረጥ ቀላል ነው» አለች። «እኛ ክር ሲበጠስ እንቀጥላለን፤ ቋጠሮው ግን ጨርቁ ላይ ያስታውቃል። እባክዎ መምህር፣ እንዳለ ይተዉልን።»

እጅ ወጣ። «ይጠር» ያለው በዛ። እኔም እጄን ያወጣሁት እንዲያጥር ነው፤ አምኜበት ነበር። እህቴ ዞራ አይታኝ «አንተማ አንተ ነህ» ብላ ፈገግ አለች።

መምህሩም እንደ ወጉ ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ተጋበዙ። ብድግ ብለው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ «ጓዶች፣ አንባቢን ከትንፋሹ በላይ ማስኬዴን አምናለሁ፤ አሳጥራለሁ» አሉ። አጨበጨብን። እኛ ቀልድ መስሎን ነበር። በጉባኤ ፊት የወጣ ቃል አይታጠፍም ተብሎ ያደገ ሰው እንዲህ ዓይነት ቀልድ እንደማያውቅ ማናችንም አላሰብንም።

መምህሩ የድሮውን ምዕራፍ ከየቤቱ ሰበሰቡ፤ ክረምቱ ሲወጣ አዲሱ ቅጂ መጣ። ቀጭን ነበር። ዝናቡ እንደቀድሞው ከታች ወደ ላይ ይዘንባል፤ ደወሉም ዝምታን ይጠራል። ሁሉም ቶሎ አነበበው፤ ሁሉም ገባው። ሰብሳቢው በልማዱ ቅዳሜ መጥቶ ቤታችን ተቀመጠ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ እያዞረ «ሁሉም ገባኝ» አለ። «እንግዲህ ስለ ምን እናውራ?»

እህቴ መምህሩን መንገድ ላይ አግኝታ የቀድሞውን ቅጂ ጠየቀቻቸው።

«ወረቀት ጠፍቶ የለ? የሁሉም ቅጂ ጀርባ ለፈተና ሆነ» አሏት።

እውነታቸውን ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት የጂኦግራፊ ፈተናዬ ታርሞ ቤት ሳመጣው ጀርባው ላይ ከሐይቁ ሥር ያለችው ከተማ ነበረች። እህቴ ውጤቴን አላየችም፤ ገልብጣ ማንበብ ጀመረች። ከዚያ ወዲያ የሰፈሩን ተማሪ ሁሉ እየጠራች ፈተናውን በሽምብራ ቆሎ ትለውጥ ጀመር። ይህን ለማረጋገጥ ትናንት ስልክ ደወልሁላት። «ሽምብራ አልነበረም፣ ዳቦ ቆሎ ነው» ብላ አረመችኝ። ወድቀው ፈተናቸውን የቀደዱ ነበሩ፤ አንዳንዱም ሉህ በርበሬ ተጠቅልሎበት ነው የተገኘው። የሰበሰበችውን አንድ ላይ ሰፋችው። ከመካከሉ የጎደለው ከተገኘው ይበልጥ ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደጃፋችን ላይ ተቀምጣ ታነብ ነበር። ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ይመጣል፤ ፀሐይዋ ወደ ዘጌ ዘንበል ብላለች። እኔ ከጎኗ ጫማዬን እጠርጋለሁ። መምህሩ በቅንጭብ አጥራችን በኩል ሲያልፉ ድምፅዋን ሰምተው ቆሙ። እኔ አየኋቸው፤ እሷ አላየችም።

«የዚያች ከተማ ሴቶች ማለዳ ማለዳ ከደጃቸው የሚጠርጉት» ትላለች፣ «ከላይ ታንኳ ባለፈ ቁጥር የሚወርደውን የሰው ጥላ ነበርና፣ እሱን በመጥረጊያ ሰብስበው፣ ያደረውን ካላደረው ለይተው፣ ካላደረው ለልጆቻቸው ልብስ ሲሰፉ፣ ያደረውን ግን…»

ሉሁ እዚህ ላይ አለቀ። ተከታዩ አልተገኘም። እህቴ ወረቀቱን ገልብጣ አየችው።

ከአጥሩ ወዲያ ቀስ ያለ ድምፅ መጣ። «…ያደረውን ግን፣ ባለቤቱ ምናልባት አንድ ቀን ሊፈልገው ቢመጣ፣ በየደጁ አጥፈው ያኖሩለት ነበር።»

እህቴ ደንግጣ ተነሣች። «መምህር! ይግቡ እንጂ! ከዚያስ?»

ገቡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው የሰጠኋቸው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ለማስታወስ ሲሞክሩ ከንፈራቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ከዚህ ወዲያ ያለው ከእኔም ጠፍቷል» አሉ። «እስቲ ልጄ፣ ያለውን ከላይ ጀምሪልኝ።»

ጀመረችላቸው። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሌላ ሰው የጻፈውን እንደሚሰማ ሰው ያዳምጡ ነበር።