አባቴ የነቀላቸው ባሕር ዛፎች

ከጀጎል ግንብ ውጭ ያለውን ለምለሙን ሰፈራችንን ያለሙት ከሸዋ የመጡ ወታደሮች ናቸው ይባላል። ሐሰት ነው። እኔ የወታደር ልጅ ነኝ፤ አባቴ ጎመን እንኳ ተክሎ አላጸደቀም። ዛሬም ዝናብ ያረፈበት የብርቱካን አበባ ሲሸተኝ ትዝ የሚሉኝ የግንቡ ውስጥ ነዋሪ የነበሩት አው ዑመር ናቸው። «አው» የከተማው ሰው የተከበረ አዛውንት የሚጠራበት ቃል ነው።

በበልግ፣ የግንቡ በር እንደተከፈተ፣ አው ዑመር በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ችግኝ በአህያ ጭነው ይወጡና፣ ከቤታችን ግርጌ ወዳለው የብርቱካን ቦታቸው ከመውረዳቸው በፊት በየአጥሩ እየቆሙ ለአንዷ ሮማን፣ ለሌላዋ ሎሚ ያድሉ ነበር። ለእናቴ ችግኝ አያያዝ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ግቢያችን ቀድሞ የእሳቸው እርሻ እንደነበር የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ እሳቸው አንድም ቀን አላነሡትም።

ክረምት ሲገባ የሣር ጣሪያችን ስለሚያፈስ፣ ድስትና ገበቴ ከሥሩ እየደረደርን፣ አልጋውን ከጥግ ወደ ጥግ ስንጎትት እናድር ነበር። አባቴ በዚህ ተማሮ ቆርቆሮ ቤት ሊሠራ ቆርጦ ተነሣና፣ ምሰሶና ማገር እንዲሆነው ከግቢያችን አጠገብ ባለው ምንጭ ዙሪያ ባሕር ዛፍ ተከለ፤ በገመድ እየለካ፣ ለሰልፍ እንደቆመ ጭፍራ አስተካክሎ። ባሕር ዛፉ እንደ ጎመኑ አላሳፈረውም፤ በጥቂት ዓመታት ከቤታችን በላይ አደገ። አባቴ በየጧቱ በመካከሉ እየተመላለሰ፣ ግንዱን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ፣ «አንድ ዓመት ብቻ ቀረው» ይል ነበር።

በዚያው ዓመት በበጋ ምንጩ ቀጠነ። ወደ አው ዑመር ብርቱካን የሚወርደው ቦይ መጀመሪያ ጭቃ፣ ቀጥሎ አቧራ ሆነ፤ ጊደር መጋላ በሚባለው የግንቡ ውስጥ ገበያ ተሸጦ ቤታቸውን የሚያኖረው ፍሬ ሳይበስል ይረግፍ ጀመር። አንድ ጧት መጥተው አንገታቸውን ቀና አድርገው ዛፎቹን ሲያዩ ቆዩ።

«ባሻ፣ ወላሂ፣ ጥሩ ጭፍራ አለህ» አሉት አባቴን። «እኔን ግን ከበበኝ።»

አባቴ ሳቀ። «ዝናቡ ነው ያጠረው፣ አው። ዛፉ ምን አደረገ?»

«ዝናቡ ቢሆን ያንተስ ዛፍ አይጠወልግም ነበር?»

አባቴ እንደ ልማዱ ጢሙን መጎተት ጀመረ።

«ባሻ፣ ይመልሱላቸው እንጂ» አለች እናቴ ከደጃፉ ሆና፤ «ጢምዎ ምን በደለ?»

አው ዑመር «ሃያ ዓመት የደከምኩበት ነው» ብቻ ብለው አህያቸውን እየነዱ ወረዱ። አባቴ ሁለት ቀን ከቦዩ ወደ ዛፎቹ ሲመላለስ ዋለ። በሦስተኛው ቀን መጥረቢያውን ሲስል እናቴ ደነገጠች።

«አንድ ዓመት ብቻ ቀርቶት?»

«እኛ ቢያፈስብን ገበቴ እንደረድራለን» አላት። «እሳቸው ምን ይደረድራሉ?»

ሁሉንም ቆረጠ፤ እንጨቱ ለምሰሶ ስላልደረሰ ማገዶ ሆነ። በበልግ ግን ጉቶው ሁሉ አቆጠቆጠ፤ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ እንደማይሞት አባቴ አያውቅም ነበር። «ተማርኮ የሚያምፅ ጭፍራ!» እያለ ሲራገም፣ አው ዑመር ዶማ ይዘው መጡ፤ ሁለቱም ላባቸው እየተንጠፈጠፈ፣ አንዱ የሌላውን አቆፋፈር እየነቀፈ፣ ክረምቱ እስኪገባ ጉቶ ሲነቅሉ ከረሙ። ውሃው ከዓመት በኋላ ተመለሰ። ከብርቱካኑ እኩሌታው ደርቆ እኩሌታው ዳነ። የእኛ ቆርቆሮ ቤት ግን በዚያው ቀረ፤ አባቴ እስኪሞት የኖረው በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ነው።

ዛሬ በሰፈሩ ቆርቆሮው በዝቷል፣ መኪናም ያልፍበታል። አጣና ዋጋ ያወጣል እየተባለ ባሕር ዛፍ እንደገና ምንጩን ከቧል፤ ከሩቅ ሲታይ ከልጅነቴ ይልቅ ዛሬ ይለመልማል፣ እንግዳም ያደንቀዋል። ቦዩ ውስጥ ግን ዶሮዎች አቧራ ይታጠባሉ። ከአባቴ ሥራ ሁሉ፣ ዘመቻውን ጨምሮ፣ የምኮራው በዚያ ጉቶ ነቀላ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ከምንጭ አጠገብ ባሕር ዛፍ ካለህ ቁረጠው። ጉቶውንም ንቀለው።