ዓሣው ሳይቀዘቅዝ

ማክሰኞ ጠዋት አማቴ ካሉበት የአረጋውያን መኖሪያ ተደወለልኝ። «ጉናር ትናንት ምንም አልቀመሱም፤ ዛሬም እምቢ ብለዋል» አለችኝ ተንከባካቢያቸው። ስልኩን ዘጋሁት። እኚህ ሰውዬ እህል እምቢ አሉ? ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያበሉ፣ ሰውንም በአበላሉ ሲመዝኑ የኖሩ ሰውዬ! ዓሣና ድንች ይዤላቸው ልሄድ ተነሣሁ። ድንቹን ስልጥ ያ የሰኔ እሑድ መጣብኝ።

ያን ጊዜ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ስቶክሆልም ዳር ብሬዴንግ የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ አውቶቡስ አጥባለሁ። ከካሪን ጋር ተዋደን ልንጋባ ቆርጠናል። አባቷ ጉናር ከስቶክሆልም ወጣ ብሎ ሐይቅ ዳር ቨርድስሁስ ነበራቸው፤ ስዊድኖች የገጠር ምግብና መጠጥ ቤታቸውን እንዲህ ነው የሚሉት። መንገዱ በጫካ መሃል ሲጠማዘዝ ይቆይና ድንገት ቀይ የእንጨት ቤት ይመጣል፤ ከጀርባው የፖም ዛፎች፣ ከዛፎቹ ሥር ረጃጅም ጠረጴዛዎች። በጭስ የሚያበስሉት ዓሣ ሽታ ገና ከፌርማታው ይቀበላል። ማንም ይምጣ ማን፣ ጉናር «መጀመሪያ ብላ» ነው የሚሉት። ካሪን ግን አስጠንቅቃኛለች፦ «ፓፓ ምግቡን ያልበላለትን ሰው አያምንም። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያለሁለት እኔ ብቻ ነኝ። እሱን ቅር እያለው አላገባም።»

እኔ ደግሞ ሽማግሌ ሳልልክ ማግባት አልሆንልህ አለኝ። እናቴ በስልክ «ሰው የለህም እንዴ?» ስትለኝ አንጀቴን በላችው። ሦስት ሽማግሌዎች ለመንኩ። ዋናው አልቢ የሚባለው ሰፈር የሚኖሩት ጋሽ ታደሰ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ በሙቀትም ካፖርታቸውን የማያወልቁ። ችግሩ ከሦስቱ ስዊድንኛ የሚችል የለም። ሙሽራው ራሱ ለገዛ ሽምግልናው አስተርጓሚ የሆነበት ጉድ የት ታይቶ ያውቃል?

ካሪን የመሰላት ሰዎቹ ለምሳ የሚመጡ ነው፤ ለአባቷም እንደዚያው ነገረች። ስንደርስ ጉናር ነጭ ሽርጣቸውን አድርገው፣ እጃቸውን ዘርግተው ወጡ። ጠረጴዛው ሞልቷል፦ ትኩስ ዓሣ፣ እንስላል የተነሰነሰበት አዲስ ድንች፣ እንጆሪ። «ቁጭ በሉ፣ ዓሣው ሳይቀዘቅዝ!» አሉ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን ይዘው ከፖም ዛፉ ሥር ተደርድረው ቆሙ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም በልልኝ» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ጋሼ፣ በሞቴ፣ እዚህ አገር እንዲህ አይደለም። ትንሽ ቅመሱና…»

«እህል ከቀመስን በኋላ ምን አፍ ይኖረናል? ያን ጊዜ እንግዳ እንጂ ሽማግሌ አይደለንም። ይልቅ ተርጉም!»

የጉናር ፈገግታ ቀስ በቀስ ሟሸሸ። ሳህኑን አንስተው አሸተቱት። «ምግቤ ላይ ምን አዩበት?» አሉኝ። ካሪን በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። እነዚህ ከተቀመጡ ሽምግልናው ቀረ፤ ካልተቀመጡ ካሪን ቀረች። ወይ ጣጣ!

«ልጅዎን ሊለምኑልኝ ነው የመጡት» አልኩ። «መልስዎን ሳይሰሙ አይበሉም። ወጋችን ነው።»

ጉናር ሳህኑን አስቀመጡት። «ልጄ ትልቅ ሰው ናት። እኔን ምን አስጠየቃቸው?»

ተረጎምኩ። «አባት ስለሆኑ ነዋ!» አሉ ጋሽ ታደሰ።

ይህንንም ተረጎምኩላቸው። ዓሣው ላይ ዝንብ አረፈ፤ የሚያባርረው ጠፋ። በመጨረሻ ጉናር እኔን ሳይሆን ጋሽ ታደሰን እያዩ፣ «አገራችሁ ይዟት ይሄዳል?» ብለው ጠየቁ። ለካ የሰውዬው ፍርሃት ይሄ ኖሯል! እኔ ሆዬ ይህን አስቤው አላውቅም ነበር።

ጋሽ ታደሰ ሲተረጎምላቸው ድምፃቸው ለሰለሰ። «ልጅ ልንወስድብዎ ሳይሆን ልጅ ልንሰጥዎ ነው የመጣነው በላቸው። ልጃችን ልጅ ይሁንዎ።»

ቃል በቃል ተረጎምኩት። ጉናር አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ ትንፋሻቸውን ብቻ ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ፣ ደንገጥ ያለ ሰው ይመስል። አበቃልኝ አልኩ።

«እሺ አሉ!» ብለው ጮኹ ጋሽ ታደሰ። «ምን ያፈዝሃል? እሺ አሉ እኮ! ተቀመጡ!»

ጉናር የሰሜን ሰው ናቸው። የሰሜን ስዊድን ሰው ልክ እንደኛው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ ነው «አዎ» የሚለው። ስዊድንኛ አዋቂው እኔ በፍርሃት ደንቁሬ፣ ጋሽ ታደሰ ሰሙት። ዓሣው በርዶ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ግን ሳህኑን ጠርገው በሉ። ጉናር ቆመው እያዩ ዓይናቸውን በሽርጣቸው ይጠርጉ ነበር።

ጋሽ ታደሰ ዛሬ የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር። ቤቱም ተሸጧል። ማክሰኞ ምሳውን ይዤ ስገባ ጉናር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተው ነበር። ሲያዩኝ ወንበሩን በጣታቸው አመለከቱኝ፤ ከታመሙ ወዲህ መናገር ይከብዳቸዋል።

ባርኔጣዬን አውልቄ ባለሁበት ቆምኩ። «ይበላሉ ወይስ አይበሉም? መልስ ሳልሰማ አልቀመጥም» አልኳቸው።

አተኩረው አዩኝ። ሳህኑ በእጄ ላይ እየቀዘቀዘ ነበር። ከዚያ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ።

ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ።