ለፋሲካ የሚመለስ ዘፈን

ከአብነት ወደ ሸማ ተራ በሚወስደው መንገድ፣ ከአንድ የቆየ ፎቅ ደረጃ ሥር፣ አንድ ሰው ተቀምጦ ሌላው ከቆመ የምትሞላ ክፍል አለች። በሯ ላይ «ዘፈንና መዝሙር እንጭናለን» የሚል ተጽፏል። ባለቤቷ ሀብተ ወልድ ይባላል። በካሴት ዘመን ካሴት ይቀዳ ነበር፤ ካሴቱ ሲያልፍ ሲዲ፣ ሲዲው ሲያልፍ ደግሞ ከኮምፒውተር ወደ ሚሞሪ ካርድ መጫን ያዘ። እኛ በልጅነታችን አንዲት ዘፈን ትመጣልን እንደሆን ብለን ሬዲዮ ሥር ተኮልኩለን እንውል ነበር። እሱ ዘንድ ዘፈን በኪስ የሚያዝ ነገር ሆነ። ዛሬ ወጣቱ ሁሉ ከስልኩ ስለሚሰማ፣ ወደ ሀብተ ወልድ የሚመጡት ሚሞሪ የምትጎርስ ትንሽ ሬዲዮ ያላቸው ናቸው፤ ተሸካሚዎች፣ ሸማኔዎች፣ ዘበኞች፣ ዓይናቸው የደከመ አዛውንቶች።

እነዚህ ደንበኞቹ አንድ ልማድ አላቸው። የዐቢይ ጾም ቅበላ ሲደርስ ሬዲዮኖቻቸውን ይዘው ይመጡና «ሀብቴ፣ ዘፈኑን አውጣና መዝሙር ሙላበት፤ ለፋሲካ ትመልስልኛለህ» ይሉታል። እሱም ዘፈናቸውን ወደ ኮምፒውተሩ ያወጣል፤ በየስማቸው ፎልደር ከፍቶ ያኖረዋል። «ሌላ ሚሞሪ ገዝታችሁ ቤታችሁ ለምን አታስቀምጡትም?» ሲላቸው፣ «ቤት ካለማ እጅ መች ያርፋል» ይሉታል። ሀብተ ወልድ ራሱም በጾም ዘፈን አይሰማም። ድምፁን ዘግቶ፣ ስሙን ብቻ እያነበበ ነው የሚያወጣውና የሚያስገባው።

ዘንድሮ በቅበላው ሰሞን እትዬ ያለምወርቅ መጡ። ሸማ ተራ የነጠላ ጫፍ ሲቋጩ የኖሩ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው ጋሼ ጎበዜ ሸማኔ ነበሩ፤ ክራር ይመታሉ፣ በየሠርጉም ይዘፍኑ ነበር። ስትሮክ ከአልጋ ካዋላቸው ወዲህ ግን አንደበታቸው ተይዟል፤ የሚታዘዝላቸው ግራ እጃቸው ብቻ ነው። በደህናው ጊዜ እዚያው ሽመና ቤታቸው ተቀምጠው የዘፈኑትን አንድ ረጅም ዘፈን ሀብተ ወልድ ከካሴት ወደ ኮምፒውተር አሳልፎ ሬዲዮናቸው ላይ ጭኖላቸዋል። ካሴቱ የድሮ ቤታቸው ሲፈርስ ጠፋ። ጋሼ ጎበዜ ቀኑን ሙሉ የሚሰሙት ያንኑ የገዛ ድምፃቸውን ነበር።

«አውጣው» አሉ እትዬ ያለምወርቅ። «የታመመ ሰው ንስሐውን ያስብ እንጂ ዘፈን ምን ይሠራለታል።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«ምን ይበል ልጄ። አየኝ።»

ጾሙ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ መብራት ሄዶ ተመለሰ። ሲመለስ ኮምፒውተሩ ቀጭ፣ ቀጭ አለና ጨለመ። ሀብተ ወልድ ጠጋኝ ዘንድ ወሰደው። ጠጋኙ አሰንብቶ፣ «የተረፈውን አውጥቼልሃለሁ፤ ስም ግን የላቸውም» አለው። ከፍቶ ቢያይ ፎልደሮቹ የሉም፤ የሰው ሁሉ ዘፈን ተደበላልቋል፤ በስም ፈንታ ቁጥር ተጽፎበት እንደ ፈሰሰ ጤፍ ተዘርግቷል። የሌላው ሰው ዘፈን ከሌላ ቦታ ተፈልጎ ይገኛል። የጋሼ ጎበዜ ድምፅ ግን ሌላ ቦታ የለም። ከዚያ ክምር ውስጥ መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው አንድ በአንድ በመስማት ነው፤ ጊዜው ደግሞ ጾም ነው።

አጠገቡ ባትሪና ቻርጀር የሚሸጠው ጎረቤቱ ሙናዊር ትዝ አለው።

«ሙናዊር፣ እባክህ አንተ ስማልኝ።»

«ረመዳን መሆኑን ረሳኸው እንዴ? አንተ ሽሮህን በልተህ ከዘፈን ትጾማለህ። እኔ ከዘፈኑም ከውሃውም ነኝ።»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«ዒድ ከፋሲካህ ይቀድማል። ይለፍና ጆሮዬን አከራይሃለሁ።»

እትዬ ያለምወርቅ ግን ፋሲካን አልጠበቁም። በጾሙ እኩሌታ ሬዲዮኗን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ።

«መልስልኝ» አሉ።

«እትዬ፣ ፋሲካ እኮ ገና ነው።»

«መች አጣሁት? መዝሙሩ ሲከፈት ጎበዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። መዝሙር ጠልቶ እንዳይመስልህ፤ ያኮረፈው እኔን ነው። አሁን አሁን ምግቡንም ትቷል። ንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው ‹የታመመን ማጽናናት ጾም አያፈርስም፤ መልሺለት› አሉኝ።»

ሀብተ ወልድ አንገቱን ደፍቶ የሆነውን ነገራቸው። እትዬ ያለምወርቅ አልጮሁም። ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

«አውጣው ያልኩህ እኔ ነኝ» አሉ። «ለነፍሱ ያሰብኩ መስሎኝ። አንተን ምን እልሃለሁ። ብቻ ፈልገው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ነው።»

እሳቸው ሬዲዮኗን ትተውለት እንደሄዱ ሀብተ ወልድ ማዳመጫውን ከጆሮው ሰካ። የሠርግ ዘፈን ይመጣል፤ የፍቅር ይመጣል፤ ከእያንዳንዱ ጥቂት ሰምቶ ያልፋል። እግሩ ከምቱ ጋር ሊነቃነቅ ሲል ይይዘዋል። ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ጾም እንደ ገደፈ ሰው፣ ሳያውቀው አፉን ይጠርጋል። ክምሩ ግን አልጎድል አለ።

ዒድ እንዳለፈ ሙናዊር ቃሉን ጠብቆ መጣ። በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ከማዳመጫው አንዱን ለራሱ ወሰደ፤ ሌላው በሀብተ ወልድ ጆሮ ላይ ቀረ።

«ሰውየውን ሰምቻቸው አላውቅ፤ በምን ልለያቸው?»

«ከዘፈኑ ሥር የመወርወሪያ ድምፅ አለ። እሳቸው ሲዘፍኑ ጓደኞቻቸው ይሸምኑ ነበር።»

«በል እንግዲህ፣ ዘፋኙን ትቼ ሸማኔውን ልፈልግ» አለ ሙናዊር።

እንዲህ ሲሰሙ ሰነበቱ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሙናዊር የሀብተ ወልድን ክንድ ያዘ።

«ቆይ። ጣ... ጣ... የሚል ነገር አለ።»

ክራሩ ቀደመ፤ የጋሼ ጎበዜ ድምፅ ተከተለ፤ መወርወሪያው ከሥር ይመላለሳል። የመጀመሪያው ስንኝ አለፈ። ሁለተኛው ተጀምሮ አዝማቹ ሊገባ ሲል ድምፁ ተሰነጠቀና የብረት ጩኸት ሆነ። ከዚያ ወዲያ ምንም አልነበረም።

«የቀረውስ?» አለ ሙናዊር።

«የቀረ የለም።»

«ጩኸቷን እንኳ ቁረጥላቸው።»

ጩኸቷን ቆረጠ። የተረፈውን ከመዝሙሩ አስቀድሞ ሬዲዮኗ ላይ ጫነና በሆሳዕና ዋዜማ ራሱ ይዞላቸው ሄደ። በጋሼ ጎበዜ ግራ እጅ ላይ አኖረላቸው።

«ጋሼ፣ ሙሉ አይደለም» አለ።

ጋሼ ጎበዜ ከፈቱት። ድምፃቸው ክፍሉን ሲሞላው ፊታቸው ከግድግዳው ዞረ። ሲቆረጥ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ጠበቁ። መዝሙሩ ገባ። እትዬ ያለምወርቅ በነጠላቸው ዓይናቸውን ሸፈኑ። ሽማግሌው በአውራ ጣታቸው ወደ ኋላ መለሱት፤ እንደገና ሰሙ፤ እንደገና ተቆረጠ። በሚቀጥለው ጊዜ ግን ከሚቆረጥበት ጥቂት ቀደም ብለው የመመለሻዋን ቁልፍ ተጫኑ። ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ እንዲቆረጥ አልፈቀዱም።

እትዬ ያለምወርቅ አጥሚት ይዘው ቀረቡ። ማንኪያው ሲደርስ ጋሼ ጎበዜ አፋቸውን ከፈቱ፤ ጣታቸው ግን ከቁልፏ አልተነሳም።

ሀብተ ወልድ ወደ ሥራ ክፍሉ ሲመለስ የጠፋውን ስንኝ ለማስታወስ ሞከረ። ከካሴቱ ሲያሳልፈው እስከ መጨረሻው ሰምቶት ነበር። ሸማ ተራ እስኪደርስ ዜማው መጣለት። ቃሉ አልመጣም።