አባቴ ባለ ጥማድ የሆነ ጊዜ

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው አንድ ነገር ነው፤ ጥማድ በሬ። መኪና አላማረው፣ ቡሬ ከተማ ቤት መሥራት አላማረው፣ እኔን እንኳ «ተምረሽ ሰው ሁኚ» ያለኝ እግረ መንገዱን ነው። ልቡ ያለው ሁለት በሬ ላይ ነበር። አንድ ነበረው። ሁለተኛው እንዳይገዛ አንድ ዓመት የእኔ ትምህርት ይመጣል፣ አንድ ዓመት ማዳበሪያ ይወደዳል፣ አንድ ዓመት ደግሞ የእናቴ ተዝካር ሆነ።

አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ስለዚህ እንደ እሱው ባለ አንድ በሬ ከሆኑት ጎረቤታችን ጋር መቀናጆ ገባ። ሁለቱን በሬዎች በአንድ ቀንበር ይጠምዱና አንድ ቀን የእኛ መሬት ይታረሳል፣ በማግስቱ የእሳቸው። የጎረቤታችን ሚስት የክርስትና እናቴ ናቸው፤ በዚህ ምክንያት አባቴና ጎረቤታችን አበልጅ ናቸው፣ አንቱ ይባባላሉ። አንዱ ሲያርስ ሌላው ጓል እየከሰከሰ አብረው ይውላሉ። ይህ ሲጀመር እኔ የወተት ጥርሴን አልነቀልኩም።

በእኛ አገር ደግሞ የሥራ ቀን ምን አለ? ሚካኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔዓለም፣ ባለወልድ፣ ቅዳሜና እሑድ ሲቀነሱ የተረፈችውን ለሁለት መካፈል ነው። ሌሊት ደህና አድርጎ ይዘንብና ሲነጋ ተራው የአበልጁ ይሆናል። የእኛ ተራ ሲደርስ ወይ ፀሐይ ነው ወይ አቦ። አባቴ ማለዳ ደጃፍ ቆሞ እርጥቡን መሬት እያየ «ጥማድ ቢኖረኝ እኮ ዛሬ የማርሰው እኔ ነበርኩ!» ይላል። ይህን ስሰማ ነው ያደግሁት።

ካቻምና የዘራው በርበሬ ቀናው። እኔ ፍኖተ ሰላም አስተምራለሁ፤ ክፍል ውስጥ እያለሁ ስልኬ አላስቆም አላስቀምጥ አለኝ። ደንግጬ ወጥቼ ሳነሳው «ሞላልኝ!» ብሎ ጮኸ። «በሬ ገዛሁ! ከቡሬ ገበያ እየነዳሁት ነው!» ተማሪዎቹ ባይኖሩ እልል እል ነበር። እንባዬ ግን መጣ።

ቅዳሜ ሄድኩና አየሁት። ሻኛው ቀጥ ያለ፣ ቆዳው የሚያብረቀርቅ ቀይ በሬ ነው። አባቴ አንገቱን እየዳበሰ አይጠግበውም።

«አበልጅህስ ምን አሉ?» ስለው ፊቱ ተለወጠ።

«ለማደለብ ነው አልኳቸው።»

«ምን አልክ?»

«ለፋሲካ አደልበዋለሁ አልኳቸው። ታዲያ በየት አፌ ነው ከእንግዲህ አልፈልግዎትም የምላቸው?»

ኧረ በማርያም! መቀናጆ የሚፈርስ ከሆነ በበጋ ነው የሚነገረው፤ ሰውየው ሌላ ባለ አንድ በሬ እንዲፈልግ። ክረምት ደጅ ከደረሰ ሁሉም ጓደኛውን ይዞ ያልቃል። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። «እነግራቸዋለሁ፣ ቆይ እነግራቸዋለሁ» አለኝ።

ፋሲካ መጣ፣ ፋሲካ ሄደ። የሚደልበው በሬ አልታረደም፣ አልተሸጠም። ግንቦት ላይ አባቴ አሮጌውን በሬ ነድቶ እንደ ወትሮው ከአበልጁ ጋር ሊያርስ ወጣ፤ አዲሱ በረት ታስሮ ሣሩን ይበላል። ሰው የተመኘውን አግኝቶ ተራ ይጠብቃል? በስልክ ተቆጣሁ። «ይሉኝታ ይገድልሃል!» አልኩት። «አንቺ ከተማ ገብተሽ ዓይን አውጣ ሆነሻል» ብሎ ዘጋብኝ።

አበልጁም አይጠይቁም። «ማለፊያ በሬ ነው፤ ለእርሻም የሚሆን ይመስላል» ይሉና ዞር ይላሉ። አባቴ «እንግዲህ…» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው ንግግራቸው።

ሰኔ ገባ፣ የበቆሎ ዘር ደረሰ። እኔም ፈተና አልቆ አገር ቤት ነበርኩ። አንድ ማለዳ አበልጁ መጥተው አጥር ላይ ቆሙ። «በሬዬ እግሩን አመመው። እኔን አይጠብቁ፤ እርስዎ እንደሚመችዎት ያድርጉ» ብለው ሳይቀመጡ ሄዱ።

አባቴ ጥማዱን ጠመደ። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ቀን ነው ብዬ ምሳውን ራሴ ይዤ ወጣሁ። በሬዎቹ ተስማምተዋል። «እንዴት ነው?» ስለው «ደህና ነው» አለኝ። እንጀራውን ትንሽ ነካክቶ ተወው። ከምሳው ይልቅ የአበልጁን ማሳ ነበር የሚያየው፤ ያልታረሰ መሬት ነው፣ ሰው የለበትም።

አመሻሽ ላይ የክርስትና እናቴን ልጠይቅ ሄድኩ። በሬያቸው ግቢ ውስጥ በአራት እግሩ ቆሞ ገለባ ይቆረጥማል። ጠጋ ስል እንዲያውም ሊወጋኝ ዞረ።

«የታመመው ይኼ ነው?» አልኳቸው።

የክርስትና እናቴ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። «ምን ታመመ ልጄ! አባትሽ አፍ አውጥተው መናገር ቸገራቸው። ባለቤቴ ደግሞ ‹ሰውየው በእኔ የተነሳ ጥማዳቸውን ሳይጠምዱ ሊከርሙ ነው› ብሎ ነው።»

«መሬታችሁስ?»

«እሱማ… ያልጠየቀው ሰው የለም፤ ሁሉም ተቀናጅቶ አልቋል። በዚህ ዝናብ ካልተዘራ ዘንድሮ በቆሎ የለንም።»

በንዴት እየከነፍኩ ተመለስኩ። አባቴ እግሩን ሲታጠብ ደርሼ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። «በሬው ደህና ነው?» አለኝ። «ሊወጋኝ ነበር እያልኩህ!» እራቱን ሳይበላ ተኛ።

ሲነጋ ሁለቱንም በሬዎች ነድቶ፣ ቀንበሩን ተሸክሞ ከአበልጁ ደጅ ቆመ። እኔም ተከተልኩት፤ ዛሬም «እንግዲህ» ብሎ እንዳይመለስ ፈርቼ ነው። አበልጁ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ከሚስታቸው ጋር ወጡ።

«አበልጄ፣ ለማደለብ አልነበረም» አለ አባቴ።

«አውቃለሁ።»

«ዋሸሁዎት።»

«እኔም ዋሽቻለሁ። በሬዬ ደህና ነው።»

ሁለቱም መሬት መሬት ያያሉ። ልናገር ስል የክርስትና እናቴ ክንዴን ቆነጠጡኝ።

«አልደብቅዎትም» አሉ አበልጁ። «ከገበያ ሲነዱት ሳይ ቀናሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ እንደ ሕፃን! ደስ ሊለኝ ሲገባ አልለኝ አለ።»

«እኔስ ደስ ያለኝ መሰለዎት?» አለ አባቴ። «ትናንት የመጀመሪያውን ትልም አውጥቼ ‹አዩልኝ?› ልል ዞርኩ። ሰው የለም። ይህን ሁሉ ዓመት ጥማድ ስመኝ እኮ፣ በሐሳቤ ዳር ቆመው የሚያዩልኝ እርስዎ ነበሩ።»

አበልጁ ጋቢያቸውን አውልቀው ለሚስታቸው ሰጡና ማሳውን በእጃቸው አሳዩት። «በሉ ይጥመዱ፤ ልይ።»

አባቴ በእሳቸው መሬት ላይ ጠመደ። አንድ ትልም ሄዶ ተመለሰ። አበልጁ ከዳር ቆመው በሬዎቹን ከቀንድ እስከ ጅራት ሲያዩ ቆዩና «አቤት! አቤት! ጥማድ ማለት ይኼ ነው!» አሉ። አባቴ እርፉን እንደያዘ ቆመና ማልቀስ ጀመረ።