ጋሽ ሜትርና የታሰረው ግራ እጅ

ሰፈሩ ጋሽ ሜትር የሚለው ደንበኛውን ገና ከበር ሳይገባ በዓይኑ ለክቶ ስለሚጨርስ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሱፍ የቆረጠ ልብስ ሰፊ፣ አንድ ጠዋት ስትሮክ መጣና ቀኝ ክንዱን ጣለበት። ነፍሱ ተርፋለች፣ ተመስገን ነው። ክንዱ ግን እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ታናሽ ወንድሙ፣ አዛኝ ቅቤ አንጓች፣ "ወንድም ጋሼ፣ ከእንግዲህ በቃህ፤ ለስፌት መኪናህ ገዢ አግኝቻለሁ፣ በወሩ መጨረሻ ይመጣል" አለው። መኪናው ከሄደ ጋሽ ሜትር ምን ሊሆን ነው?

ሆስፒታል ክንዱን የምታሠራው ፊዚዮቴራፒስት ልጅ እግር ናት፣ ግን አትለማመጥም። "ደህናው እጅዎ ሥራውን ሁሉ እየቀማው ነው ያኛው የሰነፈው። በቀን ለጥቂት ሰዓት ግራውን ጓንት ያልብሱትና ቀኙ ይሥራ" አለችው።

ባለቤቱ ከወፍራም ጂንስ ጓንት ሰፋችለት። እሱ እቴ! ዞር ስትል በጥርሱ ጎትቶ ያወልቀዋል። ሦስት ቀን ታገሠችው። በአራተኛው የጓንቱን አፍ ከሸሚዙ እጅጌ ጋር በመርፌ ጥርቅም አድርጋ ሰፋችው።

"አንቺ ሴትዮ፣ ጆንያ አደረግሽኝ እኮ!"

"ልብስ ሰፊ አይደለህ? ተርትረህ ውጣ!"

ደሙ ፈላ። መተርተሪያውን በቀኙ ያዘ፤ ወደቀ። አነሳው፤ ደግሞ ወደቀ። ወይ ጉድ! ሲራገም፣ ሲያልበው ቆይቶ ምሳ ሰዓት ላይ አንዲት ክር በጠሰ። አንዲት! በቀኙ ግን ነው የበጠሳት። ደስ አለው፤ ኩራት ይዞት ለሚስቱ አልነገራትም።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ እልህ ሆነ። እሷ በየጠዋቱ ትሰፋለች፣ እሱ ይተረትራል። ክሩን ድርብ ስታደርግበት፣ "ይኸም ስፌት ሆኖ!" እያለ ያሾፍባታል። ቤቱ ድሮ እንደነበረው በሳቅና በጭቅጭቅ ሞቀ።

ቀኑ ደረሰ። ወንድሙ ገዢውን አስከትሎ ሲገባ ጋሽ ሜትር የመጨረሻዋን ክር እየመዘዘ ነበር። ጓንቱን ጥሎ መቀሱን በቀኙ አነሳ። ሚስቱ ሮጣ ቁራጭ ጨርቅ ወጥራ ያዘችለት። ቆረጠ። ስንዝር አይሞላም፣ ደግሞ እንዴት ጠመመ! እንዲህ የሚቆርጥ ሠራተኛ ቢያይ ያን ዕለት ያባርረው ነበር።

ሳቁ መጣ፣ እንባውም አብሮ።

"ወንድሜ፣ እንግዳውን ሸኝልኝ። መኪናው ሥራ አለበት።"

ወንድሙ ገዢውን ይዞ ወደ በሩ ዞረ። ሚስቱ ግን ጨርቁን እንደወጠረች፣ "ቀጥል እንጂ፣ የኔ ክንድ ዛለ" አለችው።