የሩብ ሰዓት ውሸት

በላቦራቶሪያችን የደም ሕዋስ የምትቆጥረውን ሴት «ሚዛን» እንላት ነበር። ማይክሮስኮፑ ላይ ካጎነበሰች ጣሪያው ቢደረመስ ቀና አትልም። ባሏ ከሞተ በኋላ ሁለት ሴት ልጆቿን ያሳደገችው በዚሁ ሥራ ነው። ደም የምቀዳው እኔ ነበርኩ።

ደንባችን በሽተኛው ሩብ ሰዓት ሳይቀመጥ ደም አይቀዳም ይላል። ምክንያቱን የነገረኝ ስላልነበረ ለወጉ ያህል የተጻፈ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ረፋድ ሰልፉ ሲበዛብኝ፣ መርፌ የሚፈራ አናጢ ላይ ጮህኩበት።

«ግንብ የምታህል ሰውዬ! እጅህን አምጣ!»

እየተንቀጠቀጠ ቀዳሁት፤ ቅጹ ላይም «ሩብ ሰዓት ተቀምጧል» ብዬ ፈረምኩ። የነጭ ሕዋሱ ቁጥር ከልክ በላይ ሆነ። ሐኪሙ ተጠራጥሮ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲያስደግም ጤነኛ ቁጥር መጣ። ሠራተኛው ሁሉ እየሰማም ሚዛን ላይ ጮኸባት።

«ከአንድ ሰው ደም ሁለት ቁጥር? እያንቀላፋሽ ነው እንዴ የምትቆጥሪው?»

«ዶክተር፣ ሁለቱንም ያየሁትን ነው የጻፍኩት» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ ሰውየው ተቀምጦ ነበር አይደል?»

«ተቀምጧል» አልኩ።

በሳምንቱ ወደ መዝገብ ቤት አዛወሯት።

ጡረታ ወጥቼ በስተርጅና መጽሐፍ መግለጥ ስጀምር ነገሩን አገኘሁት። ነጭ ሕዋሳት በላያቸው ላይ፣ ሰው ሲደነግጥ የሚመነጨውን አድሬናሊን የሚይዝ ተቀባይ አላቸው። እሱ ሲደርሳቸው፣ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ተለጥፈው የነበሩት ለቀው ወደሚፈሰው ደም ይገባሉ፤ ቁጥሩም ይንራል። ሰውየው ሲረጋጋ ይወርዳል። ሁለቱም ቁጥሯ ልክ ነበር።

መዝገብ ቤት ሄጄ ነገርኳት።

«አላወቅኩም ነበር» አልኩ።

«የሕዋሱን ነገር አላወቅክም ይሆናል። አለመቀመጡን ግን ታውቅ ነበር።»

የያዘችውን መዝገብ ዘጋች።

«እኔ እኮ ጋሼ፣ ከዚያ ወዲህ ዓይኔን አላምነውም። ደረጃ እንኳ ስወጣ ቆጥሬ ስወርድ እደግመዋለሁ፤ ልጆቼ ይስቁብኛል። በል አሁን እዚህ አታንሾካሹክ። እኔ የተዋረድኩት በሰው ፊት ነው።»

በማግሥቱ ላቦራቶሪው ውስጥ፣ እሷም ሠራተኛውም ሁሉ ባለበት፣ የሠራሁትን ቆሜ ተናገርኩ። አዲሱ ኃላፊ የማይክሮስኮፑን ወንበር ሳብ አደረገላት።

«እትዬ፣ ይኸው ቦታዎ።»

ተቀመጠች። በማይክሮስኮፑ አየች፤ መነጽሯን አውልቃ፣ ጠርጋ፣ ደግማ አየች።

«ይደበዝዝብኛል» አለች። ተነሥታም ወደ መዝገቦቿ ሄደች።